የታራሚ ጉልበት ዋጋና የቀለቡ ወጪ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በማረሚያ ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ወንበርና ቁም ሣጥን ይሠራል። ዕቃው በውጭ ይሸጣል፤ ለእሱ የሚደርሰው ግን ከሳሙና መግዣ አያልፍም፤ እኔም በየሳምንቱ ስንቅ አመላልስለታለሁ። አንድ ጎረቤታችን «መንግሥት እያበላው ደመወዝ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ለመሆኑ ታራሚ ተገቢ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው? የእስሩን ወጪስ ማን ሊሸፍን ይገባል? (ከአረብ ሰፈር፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ሲከለክል፣ በሕግ አግባብ የታሰረ ሰው በእስሩ ጊዜ የሚሠራውን መደበኛ ሥራ ከክልከላው ውጭ ስላደረገው፣ ወንድምዎ እንዲሠራ መደረጉ በራሱ ሕግ መጣስ አይደለም። ይህ ማለት ግን ድካሙ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ ታራሚ ለሥራው ፍትሐዊ ክፍያ እንዲያገኝ፣ ከፊሉን ለራሱ እንዲያውል፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ የቀረውም ተቆጥቦ ሲፈታ እንዲሰጠው በደንብ 103 ይጠይቃሉ። ትርፍ ማግኘት የታራሚውን ጥቅምና የሙያ ሥልጠና እንዳይጫንም ያሳስባሉ።

የጎረቤትዎን ሐሳብ ብዙ ሰው ስለሚጋራው በቅንነት ልንመልሰው ይገባል። ታራሚው ወጥቶ እንጀራውን እንዳይፈልግ የከለከለው መንግሥት ስለሆነ፣ ቀለቡንና ሕክምናውን መቻል የዚያው የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ለጉልበቱ የሚከፈል ዋጋ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም። በጣሊያን ለታራሚ ሠራተኛ የሚከፈለው በዘርፉ አሠሪዎችና ሠራተኞች የኅብረት ስምምነት ከተወሰነው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ሲሆን፣ የማቆያ ወጪ የሚቀነሰው ከዚያ ላይ ነው። በአሜሪካ ግን እንደ ቴክሳስና ጆርጂያ ያሉ ግዛቶች አብዛኛውን የእስር ቤት ሥራ ያለ ክፍያ ያሠራሉ፤ ሌሎች ግዛቶች ደግሞ የታሰረበትን ወጪ ከታራሚው ይጠይቃሉ፣ ዕዳውም ከተፈታ በኋላ ይከተለዋል። በእኛ እምነት ከታራሚ ወጪ መቀነስ የሚታሰበው አስቀድሞ እውነተኛ ደመወዝ ሲከፈለው ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ሸክሙ የሚያርፈው ምንም ጥፋት በሌለባቸው እናቶች፣ ሚስቶችና እህቶች ላይ ነው። እርስዎ በየሳምንቱ የሚያደርሱት ስንቅም በማንም መዝገብ ያልሰፈረ የእስር ወጪ ነው።

ወንድምዎ ከሽያጩ ለእሱ የሚታሰበው ድርሻ በምን ስሌት እንደሆነና የተቆጠበለት ገንዘብ ካለ መጠኑን በጽሑፍ እንዲገለጽለት ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ያመልክት። መልስ ካጣ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሐዋሳ ከተማ ጽሕፈት ቤት ስላለው፣ እርስዎ ራስዎ የማመልከቻውን ቅጂ ይዘው አቤቱታውን ያለ ክፍያ ማቅረብ ይችላሉ።