ለቀኖቻችሁም መጠባበቂያ ያዙ

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንገድ ምህንድስና ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ፣ ዕቅድ ማውጣትን በጊዜ ስማር ዕቅድን ለጊዜው ማስቀመጥን ግን እጅግ ዘግይቼ ስለ ተማርኩ ነው። በሥራ ዘመኔ የነገውን ቀን ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በሰዓት ከፋፍዬ በማስታወሻ ደብተር እጽፍ ነበር፤ የምሳ ሰዓቴ፣ ስልክ የምደውልበት ጊዜ፣ ዘመድ የምጠይቅበት እሑድ ሳይቀር በደብተሩ ላይ ቦታ ነበረው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት እንደ ጋሻ ይዤ፣ ድንገት «ና እንሂድ» ያለኝን ሰው ሁሉ በትሕትና እሸኝ ነበር።

ይህን ልማዴን የነቀነቀው የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወንዙ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ማዶ ተሻግሮም ያንኑ ያህል ይወጣል። ከላይ ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰምና ሸክላማ አለት አለ፤ በክረምት ውኃ ሲሰርግበት ተዳፋቱ ይንሸራተታል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የኅዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገር ቢያቀልም፣ ግራና ቀኝ ያለው ተዳፋት ዛሬም የመሐንዲስን እንቅልፍ ይነሣል።

በአንድ የነሐሴ ቀን ለስብሰባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ ናዳ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ አንዲት እናት ጀበና ወደ ጣዱባት ጎጆ ደጃፍ ሲሰበሰብ፣ እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የተበላሸውን መርሐ ግብር እንደ ገና በመደልደል ላይ ነበርሁ። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ መስተዋቱን ቆርቆር አድርገው «ልጄ፣ ይህ ተጠርጎ እስኪያልቅ ይመሻል፤ ወርደህ ቡና ቅመስ» አሉኝ። እምቢ ማለት ነውር ስለ ሆነብኝ ብቻ ወረድሁ።

ቶናው ሲቀዳ ሽማግሌው፣ መሬቱ የሚንሸራተተው ከላይ ያለው ምንጭ አቅጣጫውን ከቀየረ ወዲህ መሆኑን ነገሩኝ። «ላሳይህ» ብለው ተነሡና ተከተልኋቸው። ከመንገዱ በላይ ሣር በሸፈነው ስንጥቅ ውስጥ ዱላቸውን ሲሰዱት ክንድ ያህል ጠለቀ፤ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሳስጠጋ ውኃ ከሥር ሲንሿሿ ሰማሁ። ቢሮ በነበረኝ ካርታ ላይ ያ ውኃ አልነበረም። በደብተሬ ላይ ለዚያ ቀን ከጻፍሁት አንድም ነገር ሳይፈጸም፣ በሥራ ዘመኔ ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝን ትምህርት ይዤ ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳስበኝ ጀመር። የመንገድ ግምት ስሠራ ላልታሰበ ወጪ ከመቶ 10 ያህል መጠባበቂያ ሳልይዝ ፈርሜ አላውቅም፤ መሬት ተቆፍሮ ካልታየ በቀር ምን እንደሚወጣ አይታወቅምና። ለገንዘቡ እንዲህ የተጠነቀቅሁ ሰው ለቀኖቼ ምንም መጠባበቂያ አልያዝሁም ነበር። እናቴ ደውላ «ዛሬ እኮ ቡና አፍልቼ ነበር» ስትለኝ፣ ና ማለቷ እንደ ሆነ እየገባኝ «እሑድ እመጣለሁ» እል ነበር። እሑድ እሄዳለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ዕለት ልትነግረኝ ያሰበችው ነገር እሑድ ድረስ አይቆይላትም ነበር። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያለ ዕቅድ ኑሩ እያልሁ አይደለም። ፈተና ያለባችሁ አጥኑ፣ ቃል የሰጣችሁ በሰዓቱ ተገኙ፤ የሌላውን ሰው ጊዜ እያባከኑ «ድንገት መጣብኝ» ማለት ስንፍና ነው። የምለምናችሁ ግን ከሳምንቱ ቢያንስ ግማሽ ቀን ምንም እንዳትጽፉበት ነው። እኔ ሐሙስ ከሰዓት በኋላን መርጫለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ወደ ደብተሩ እየሄደ ያስቸግረኝ ነበር፤ አሁን ግን ጎረቤት ሲጠራኝ እሄዳለሁ፣ ማንም ካልጠራኝም ከቤት ወጥቼ እግሬ ወደ መራኝ እጓዛለሁ። ስልካችሁ ቀጠሮውን ሁሉ በሚያስታውስበት በዚህ ዘመን ይህ ለእናንተ ከእኔ ይልቅ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከትንሹ ጀምሩ፤ ጓደኛችሁ «አብረን እንብላ» ሲላችሁ ቀን ከመፈለጋችሁ በፊት ዛሬ ይቻል እንደ ሆነ አስቡ።

ባለፈው ክረምት በእጄ የሠለጠነ አንድ ወጣት መሐንዲስ ከዚያው ከበረሃው ደወለልኝ። ናዳ መንገዱን ዘግቶበት፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ስብሰባ ሊያመልጠው ስለ ሆነ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ። ሰዎቹ የት እንዳሉ ስጠይቀው «መንገድ ዳር ቡና እየጠጡ ነው» አለኝ። ለስብሰባው ሰዎች እንዲደውልና እንዲነግራቸው፣ ከዚያም ወርዶ አብሯቸው እንዲቀመጥ፣ በዕድሜ የገፉትን ፈልጎም ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንዲጠይቅ ነገርሁት። ስልኩን ሳይዘጋ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ።