«ተመጻደቀብኝ» ከጽድቅ ነው ወይስ ከምጽዋት?

ጥያቄ፦ ረድቶን ሲያበቃ ውለታውን እየቆጠረ የሚያሳንሰንን፣ ሳንጠይቀው እንደ ልጅ የሚመክረንን ሰው «ተመጻደቀብኝ» እንላለን። ቃሉ «ምጽዋት» ከሚለው የወጣ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ንቀትንስ ሁሉ መመጻደቅ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ከምጽዋት አልወጣም፤ ሥሩ ጸ-ደ-ቀ ነው። የምጽዋቱን አስተያየት የሚደጋግሙት ሰዎች ሳያስቡት «ተመጻዳቂ»ን ከ«ተመጽዋች» ጋር እያምታቱብን ነው። መጽዋች ሰጪው ነው፤ ተመጽዋች ተቀባዩ። ተመጻዳቂ ግን ሰጠም አልሰጠም ጻድቅነቱን ለሰው የሚያሳይ ነው። «መጸወተ» ውስጥ «ደ»ም «ቀ»ም የሉም፤ ጆሮ ላይ መቀራረብ ብቻውን ሁለት ግሶችን አያዛምድም።

በ«ተመጻደቀ» ውስጥ ያለችው «መ» ባዕድ ፊደል፣ ማለትም ከሥሩ ውጭ የተጨመረች ናት። ስም የምታወጣው መነሻ ግሱ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። እንዲህ ያለ ግስ ብዙ አለን፦ ከ«ሰቀለ» መስቀል ወጣ፣ ከመስቀል «ተመሳቀለ»፤ ከ«ቀና» ምቀኛ፣ ከምቀኛ «ተመቀኘ»፤ ከግእዙ «ሐፀነ» (አሳደገ፣ ሞገዘተ) ማሕፀን፣ ከዚያም «ተማሕፀነ»፣ የዛሬው «ተማፀነ»። «መመጻደቅ» ሲባል ሁለተኛዋ መ የምትጠብቀውም የ«ተ-» ድምፅ ስለተዋጠባት ነው።

ለተከራካሪዎቼ የምሰጠው አንድ ነገር አለ። በእኅት ቋንቋዎች የጽድቅ ሥር ወደ ምጽዋት ይሻገራል። የዕብራይስጡ «ጼዳቃ» ጽድቅም ምጽዋትም ነው፤ ሙስሊሞቻችን የሚያወጡት «ሰደቃ» በዐረብኛ ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በአንጻሩ «ምጽዋት» ከአራማይክ ወደ ግእዝ የገባ ቃል ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ትእዛዝ» ነበር። እንግዲህ በትርጉም ጎረቤት ናቸው፤ በሥር ግን ባዕዳን።

በአማርኛ ችግኝ ተተክሎ ሥር ሲይዝ ጸደቀ ይባላል፤ ረቂቅ ሕግም በምክር ቤት ይጸድቃል፤ ነፍስም ትጸድቃለች። ሕጉን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ፣ ነፍስን የሚያጸድቃት ፈጣሪ ነው። ተመጻዳቂው ይህን ፍርድ ለራሱ ይሰጣል። ወደ ንቀት ያሻገረውም ይኸው ነው፦ ሉቃስ 18፥9 ላይ ጻድቃን ነን ብለው በራሳቸው የሚታመኑትና ሌሎችን የሚንቁት አንድ ሰዎች ናቸው። በሌላው ላይ ሳይወጡ ጻድቅ መምሰል አይቻልምና።

ጠያቂያችን ያመጡት ትርጉም የሚገኘው ግን «-ብ-» ሲጨመር ነው። «በሰጠው ገንዘብ ተመጻደቀ» ቢባል «በ» መሣሪያውን ታመለክታለች፤ የተጎዳ ሰው በዐረፍተ ነገሩ የለም። «ለቤት ኪራይ አበደረኝና በየሄደበት እያወራ ተመጻደቀብኝ» ሲባል ግን ተጎጂው ገባ። «ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ» የሚለው ተረትም እንዲህ ባለ ረጂ እጅ የወደቀ ሰው ቢለው ያምርበታል።

ስለዚህ ንቀት ሁሉ መመጻደቅ አይደለም። ሰላምታ የነፈገዎት ሰው ንቆዎታል። በሹመቱ የሚኮራው ታብዮ ወይም ተኮፍሶ ይሆናል፤ በቃል የሚያቃልልዎት አንጓጠጠዎት። መመጻደቅ ለማለት «ለአንተ ብዬ ነው» የሚል የደግነት ሽፋን መኖር አለበት። መንግሥት ወይም ድርጅት ሰውን ለራሱ ማሰብ እንደማይችል ቆጥሮ ሲወስንለት «ሞግዚትነት» እላለሁ፤ ሞግዚት በሕግ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚሰየም ነውና ነገሩን በልኩ ይገልጸዋል።

ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ «አትመጻደቅ» የሚባለው ለጉረኛውም፣ ለመካሪውም፣ አልፎ ተርፎ ሐሳቡን አጥብቆ ለያዘ ሰውም ሆኗል። አልወደውም፤ ስለታም ቃል ያደነዝዛል። ነገር ግን ተናጋሪው በዝቷል፤ ስሕተት ነው ብዬ ልከራከር አልችልም፤ እኔ ግን እንዲያ አልጽፈውም።

አጻጻፉን በተመለከተ በጸሎቱ ጸ ይጻፍ። የዐረብኛው «ሰደቃ» የሚጻፈው «ሷድ» በሚባለው የዐረብኛ ፊደል ነው፤ የሷድ አቻ ደግሞ ጸ ናት። ፀሐዩ ፀ «ዷድ» የሚባለው የሌላው የዐረብኛ ፊደል አቻ ስለሆነች እዚህ ቦታ የላትም። «መመፃደቅ» በጋዜጣም በመጽሐፍም መብዛቱን አያለሁ፤ አንባቢም በዚህ ምክንያት አይሳሳትም። ይሁን እንጂ «ጽድቅ»ን በጸ ጽፎ «መመጻደቅ»ን በፀ የሚጽፍ ሰው እናትና ልጅን ይለያያል፤ ቢያንስ ሁለቱን በአንድ ፊደል ይጻፋቸው።