መልስ፦ የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ ለንዑስ ተፋሰስ ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ ለ300 ሄክታር ንዑስ ተፋሰስዎ (ውሃው ሁሉ ወደ አንድ መውጫ ለሚፈስበት መሬት) በነጻ የሚገኘው የ30 ሜትር የሳተላይት የከፍታ መረጃ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። ወሰኑን ለማውጣትና ተዳፋቱን በደረጃ ለመክፈል ይበቃል፤ እርከን ለመቀየስ ግን ፈጽሞ አይበቃም። አንዱ ፒክስል (የመረጃው ትንሿ አራት ማዕዘን) 900 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን መላው ተፋሰስዎ 3,300 ገደማ ፒክስል ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦር በዚያ ውስጥ ይጠፋል፤ ማሳውን የሚበላው ደግሞ እሱ ነው!

በኪውጂአይኤስ (በነጻ የሚገኝ የካርታ ሶፍትዌር) መጀመሪያ የመረጃውን የሐሰት ጉድጓዶች፣ ማለትም በመረጃው ስህተት ዝቅ ብለው የሚታዩትን ፒክስሎች፣ ይሙሉ፤ ከዚያ የፍሰቱን አቅጣጫና ክምችት (ወደ እያንዳንዱ ፒክስል ከላይ ስንት ፒክስል እንደሚፈስ) ያስሉ። የተፋሰሱን መውጫ በግምት አያስቀምጡ፤ ጅረቱ ዳር ቆመው በጂፒኤስ ይያዙት። ነጥቡ ከጅረቱ መስመር በአንድ ፒክስል እንኳ ቢስት የሚወጣው ወሰን ሌላ ይሆናል።

ለመሬት ሽፋን የሴንቲኔል-2 ሳተላይት የ10 ሜትር ምስል ይሻላል። የክረምቱ በደመና ይሸፈናል፤ የመስከረም መጨረሻውንና የጥር ወሩን ምስል ጎን ለጎን ቢያዩ ሰብሉን ከቁጥቋጦው ይለያሉ።

ካርታውን አትመው ለገበሬዎቹ ያሳዩ፤ ጎርፉ ከየት እንደሚነሳ በጣታቸው ይጠቁሙዎታል። የእርከኑን መስመር ግን እዚያው ማሳው ላይ በገመድና በውሃ ልክ ይቀይሱ።