የድሮ ሸክላ የሚመስል ሳምፕል ከባዶ መሥራት

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን ነኝ። የ1960ዎቹን የሙዚቃ ሸክላ የሚመስል ሳምፕል (ለአዲስ ሙዚቃ የሚቆረጥ የድምፅ ቁራጭ) ራሴ ተጫውቼ መሥራት እፈልጋለሁ። የሸክላ ጭረት የሚጨምር ፕለጊን (የኮምፒውተር ድምፅ ማቀነባበሪያ) አለኝ፤ ግን አሁንም ትናንት የተሠራ ይመስላል። ምን ይጎድለዋል?»

ወንድሜ፣ ፕለጊኑን ለጊዜው ተወው። ድምፁን የሚያስረጀው አጨዋወቱ ነው። ያኔ ባንዱ አንድ ክፍል ተሰብስቦ፣ በጥቂት ማይክ፣ በአንድ ጊዜ ነበር የሚቀዳው። ድራሙ በሳክስፎኑ ማይክ ይገባል። ባሱ ሲቸኩል ሌላውም አብሮ ይቸኩላል። አንተ ሁሉንም ኳንታይዝ አድርገህ (በኮምፒውተር ምቱ ላይ ልክ አስተካክለህ) ጭረት ብትነሰንስበት ማን ያምንሃል?

ስለዚህ ሜትሮኖሙን ዝጋ። ከቻልክ ከጓደኛህ ጋር አብራችሁ ተጫወቱ። አራት ባር ብቻ ቀድተህ ሉፕ አታድርግ (እየደጋገምክ አታጫውት)። ሙሉ ዘፈን እንደሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተጫወትና ከመሃሉ ቁረጥ። ቁራጩ ሲጀምር የቀደመው ኖታ ጅራት ትንሽ መሰማት አለበት። ከሸክላ የተወሰደ የሚያስመስለው እሱ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ለክፍሉ ደግሞ የመንዝ ባና ፈልግ። ከበግ ፀጉር የተሠራና ወፍራም ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ስትሰቅለው ማስተጋባቱን ይውጠዋል። (የተረፈውን ልበሰው፤ በእኛ አገር ብርድ ጣት ክራር አይመታም።) ስኔሩ (የድራሙ ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) ላይ ጨርቅ ጣል አድርግበት።

ክራር ካለህ በጆሮህ ቃኘው፤ ከዚያ የኪቦርዱን ቱኒንግ ወደ ክራሩ አምጣው። ክራሩን ወደ ኪቦርዱ አትጎትተው። በተለይ አንቺ ሆዬ ቅኝት በኪቦርድ ልክ ሲሆን ጣዕሙ ይጠፋል።

ከዚያ የተጫወትከውን የምትቀዳበት አሮጌ ካሴት ቴፕ (ማጫወቻውን) ከጠጋኞች ፈልግ። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነብበውን ክፍል) በአልኮል ጥረገው፤ ከቆሸሸ ቀጭኑን ድምፅ ጭራሽ ይበላዋል። የቅጂውን ሌቭል (የድምፅ መጠን) የመለኪያው ቀይ እስኪነካ አውጣው፤ ቴፑ የድራሙን ሹል ጫፍ ይጨፈልቅልሃል። ቴፕ ካጣህ ከ80 ኸርዝ በታችና ከ10,000 በላይ ያለውን ቀንስ፤ ሞኖም (በአንድ ቻናል ብቻ) አድርገው። ጭረት የግድ ካልክ ሳምፕሉን አዘግይተህ ፒቹን (የድምፁን ከፍታ) ከማውረድህ በፊት ጨምረው። እውነተኛ ሸክላ ሲዘገይ ጭረቱም አብሮ ይዘገያል።

ዜማው ግን የራስህ ይሁን። የድሮ ዘፈን ዜማ ራስህ ብትጫወተውም የደራሲው መብት አይነሳም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንዴ አንብበው።