31 ሺህ የወጣበት የ2,500 ብር ቦርሳ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። 37 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህር ነው። ደመወዜ ከእሱ ይበልጣል። ዕቁብ ሲደርሰኝ ለቤት ያሰብነውን አስገብቼ በተረፈው አንድ ከዱባይ የመጣ የቆዳ ቦርሳ በ31 ሺህ ብር ገዛሁ። ባለቤቴ «በስንት ገዛሽው?» ሲለኝ ደንግጬ «2,500» አልኩት። «ጥሩ ዕቃ ነው፤ በርካሽ አግኝተሻል» አለኝ። በሳምንቱ እህቱ ስትመጣ አወራላት። አገላብጣ አየችውና 2,500 ብር ቆጥራ ሰጠችኝ፤ «ለእኔም ግዢልኝ» ብላ። ብሩ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ነገሩ ግን ቦርሳ ብቻ አይደለም። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ሽቶ አለኝ። ጠዋት ስገባ እቀባለሁ፤ ማታ ከመውጣቴ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ አንገቴን በሳሙና እታጠባለሁ። ዓርብ ዓርብ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዷ ቤት ሆነን አንድ ሁለት ብርጭቆ ወይን እንጠጣለን። የአገር ውስጥ ወይን ነው፤ የባቱ። ማስቲካ አኝኬ ነው ቤት የምገባው።

ባለቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም። አይጠጣም። እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ቁርጥ ከመብላት ውጪ ለራሱ ምንም አያወጣም፤ ጃኬቱን ስድስት ዓመት ለብሶታል። ስለ ሽቶ ሲነሳ «ስንት የራበው ሰው እያለ» ይላል። እኔንም እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። አንድ ሽቶ ነበራት፤ ለሰርግና ለጥምቀት ብቻ የምትቀባው። ሲያልቅም ጠርሙሱን አልጣለችውም፤ ሳጥኗ ውስጥ ልብሷ መሃል አስቀምጣው ነበር። ቦርሳውን ባየሁ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች። ቀብጬ ነው ወይስ ምን ሆኜ ነው? ለእህቱስ ምን ልበላት?»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ላይ የእህቱ 2,500 ብር ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንገትሽን መታጠብሽ ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

እስኪ ከዚያ እንጀምር። ሽቶ የሚገዛው ለመሽተት ነው። አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ለሥራ ባልደረቦችሽና ለማታውቂያቸው ባለጉዳዮች ሸተሽ፣ ወደምትወጃቸው ሰዎች ከመሄድሽ በፊት በሳሙና ታጥቢዋለሽ። ያውም ራስሽ ብዙም አላሸተትሽውም። አፍንጫችን አንድን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ይለምደዋል፤ የተቀባነውን ሽቶ ሌላው ሰው ሲያሸተው እኛ የምንረሳው ለዚህ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ወጪ ማን ነው እየተደሰተበት ያለው? የቢሮው ዘበኛ!

ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በተለየ አቋራጭ መንገድ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዝበት የአንጎል ክፍል ይደርሳል። የምናየውና የምንሰማው መጀመሪያ ሌላ ጣቢያ ላይ ያርፋል፤ ሽታ ግን በቀጥታ ይገባል። የእናትሽ ባዶ ጠርሙስ እስከዛሬ የሚከተልሽ አንድም በዚህ ነው። አንቺም ልጆች አሉሽ። ሲያድጉ «የእማዬ ሽታ» ብለው የሚያስታውሱት የትኛውን ይሆን? የመጸዳጃ ቤቱን ሳሙና?

ቀብጬ ነው ወይ ላልሽኝ፦ አልቀበጥሽም። የቤቱ ወጪ ተሸፍኗል፤ ከዕቁቡ ለቤት የታሰበው ገብቷል፤ ብድር አለብኝ አላልሽም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል ቦርሳ ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ ሌላ ደብዳቤ ነበር የምጽፍልሽ።

ግን ካልቀበጥሽ ለምን ትደበቂያለሽ? እዚህ ላይ ባልሽን ብቻ አልወቅስም። ያደግንበት አገር ቅንጦትን አይጠላም፤ የሚጠላው ለብቻ መደሰትን ነው። 400 ሰው ጠርቶ፣ ድንኳን ጥሎ፣ ተበድሮ ሰርግ የደገሰ ሰው «ቀበጠ» አይባልም፤ «ወግ አሳየ» ይባላል። ጠጅ በእንስራ ሲቀዳ ማንም ብር አይቆጥርም። ባልሽ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ቁርጡን በአዋዜ እያጠቀሰ ሲበላ ማንም «በስንት?» አይለውም። የሥጋ ዋጋ የት እንደደረሰ ግን እኔም አንቺም እናውቃለን። ያ ቅንጦት አይባልም፤ አብሮ የተበላ ነዋ! «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ቦርሳ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ አይበላውም። ትከሻሽ ላይ ያለ፣ የአንቺ ብቻ የሆነ ነገር ነው። ለወንድም ለእህት፣ ለቤት ለልጅ ስታወጪ የኖርሽ ሴት ለራስሽ ስታወጪ የሌባ ስሜት የሚሰማሽ እዚህ ጋ ነው።

«ስንት የራበው ሰው እያለ» የሚለው ንግግርም አዲስ አይደለም። ያ ውድ የናርዶስ ሽቱ በኢየሱስ እግር ላይ ሲፈስ «ለምን በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች አልተሰጠም?» ያለው ማን እንደነበር ታውቂያለሽ። ለባልሽ ግን እንዳትነግሪው። «ይሁዳ አለችኝ» ብሎ ሌላ ጠብ ይነሳል።

ሽቶ የፈረንጅ አመል ነው የሚል ካለም፣ የጥንቱ የፈረንሳይ ሽቶ ውስጥ የእኛ ዝባድ ነበረበት። ከጥርኝ ይወጣል፣ በበሬ ቀንድ ይታሸጋል፣ ባሕር ይሻገራል። አሁን አብዛኛው በፋብሪካ በሚሠራ ተተክቷል እንጂ። አያቶቻችንም ከወይባው ከከርቤው ሲሉ የኖሩ ናቸው። እናትሽም እንጀራ እየሸጠች ሽቶ ነበራት። ይህን ልብ ብለሽዋል? እሷን የምታስታውሺው ለጥፋትሽ ምስክር አድርገሽ ነው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ድካም መሃል ለራሷ አንድ ነገር ያስቀረች ሴት ትታየኛለች። ጠርሙሱን ልብሷ መሃል ያኖረችው ሽታው ልብሷ ላይ እንዲቀር ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ቆጣቢና ቋጣሪ አንድ አይደሉም። ቆጣቢ ሰው ብር ሲያጠራቅም ደስ ይለዋል። ቋጣሪ ግን ብር ሲያወጣ ያመዋል፤ ማውጣት እንዳለበት እያወቀም ያመዋል። ስኮት ሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን መልስ ሰብስበው ይህንኑ ለይተው አሳይተዋል። የሚገርመው፣ እጃቸው የሚያመልጣቸው ሰዎች ይበዛሉ ብለን እናስባለን እንጂ በዚያ ጥናት የበለጡት ቋጣሪዎቹ ነበሩ። ይኸው ተመራማሪ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ሥራ ደግሞ ቋጣሪና እጀ ለቃቃ እየተሳሳቡ እንደሚጋቡ፣ ከተጋቡ በኋላም በገንዘብ የበለጠ እንደሚጋጩ ጽፏል።

ጃኬቱን ስድስት ዓመት የለበሰው ባልሽ የትኛው ወገን እንደሆነ ግልጽ ነው። የእኔ ግምት ግን አንቺም እጀ ለቃቃ አይደለሽም የሚል ነው። ሌላዋ ቋጣሪ ነሽ። ብር ማውጣት ያምሻል፤ ስለዚህ በድብቅ ታወጪና ሕመሙን ብቻሽን ትውጪዋለሽ። እጀ ለቃቃ ሰው አንገቱን አይታጠብም።

ውሸቱን አላልፈውም። ዋጋ መቀነስ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ሴቶች ስንሰበሰብ «አንተ በሰጠኸኝ ብር ነው በይው» እየተባባልን እንስቃለን። እኔም ለጫማ ደካማ ነኝ፤ አላዋቂ መስዬ አልመክርሽም። ግን ይህ ልማድ ምን እንደሚያሳጣ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ሌላ ጥናት ላይ ለ20 ሰዎች አንዱን ወይን አንዴ «10 ዶላር ነው»፣ አንዴ «90 ዶላር ነው» እያሉ አቀመሷቸው። 90 ሲባሉ የበለጠ ጣማቸው፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍልም የበለጠ ሠራ። ወይኑ ያው አንድ ወይን ነው። ባልሽ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ርካሽ ነው ስለተባለ ጣመው። ቦርሳውን አይቶ «ጥሩ ዕቃ ነው» ብሏል፤ ለእህቱም አሞካሽቷል። ሚስቱ ጥሩ ነገር መያዟን አልጠላውም። የሚያመው ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ስለደበቅሽው ግን እውነተኛውን ሲሰማ ምን እንደሚል አንቺም እሱም አታውቁም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ደመወዜ ከእሱ ይበልጣል» ብለሻል። ይህን ለምን ነገርሽኝ? «የራሴ ብር ነው» ለማለት ከሆነ ይቅርብሽ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሠርተው የሚያገኙት የጋራ ነው። ሕጉን ብንተወው እንኳ ከሚስቱ ያነሰ ደመወዝ ለሚያገኝ ወንድ ያቺ ቃል አጥንት ትሰብራለች። ምናልባት በየዕቃው «በስንት ገዛሽው?» እያለ የሚጠይቀው የቀረው አንድ ሥልጣን መጠየቅ ስለሆነ ይሆን? አላውቅም፤ እሱን አግኝቼ አላነጋገርኩትም። አንቺ ግን ልታውቂው ትችያለሽ።

ወይኑን ከሽቶውና ከቦርሳው ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪው። ከጓደኞች ጋር ዓርብ ማታ አንድ ሁለት ብርጭቆ ብሎ የሚያበቃ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያሳስበኝም። ሆኖም አልኮል አልኮል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም ብሏል። ባልሽ ላይ ያለሽን ቂም ለመርሳት የምትጠጪው ከሆነ ወይም ዓርብ ወደ ረቡዕ መሳብ ከጀመረ ያኔ እንደገና ጻፊልኝ። ማስቲካው ግን ከብርጭቆው ይልቅ ያሳስበኛል። ተደብቆ የሚጠጣ ነገር መጠኑን የሚነግረው ሰው የለውም።

ምን ይደረግ? እናቶቻችን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ብር ይቋጥሩ ነበር። የእንቁላል ሽያጭ፣ የቅቤ ትርፍ። አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ አይጠይቁም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ለአንቺም ለእሱም በወር ይህን ያህል ብር ተብሎ ይቆረጥ፤ መጠኑ እኩል ይሁን፤ በደመወዝ ልክ አይሁን። በዚያ ብር ምን እንደተገዛ አይጠየቅም። ለእሱ ይህ ከአንቺ የበለጠ ይጠቅመዋል። ቋጣሪ ሰው ብሩ አስቀድሞ «ለዚህ ነው» ተብሎ ካልተለየ ለራሱ አያወጣም። ጥናቶችም ይህን አሳይተዋል፤ ሰዎች ለሎተሪ ሽልማት ከጥሬ ብርና ከመዝናኛ አንዱን ምረጡ ሲባሉ አንዳንዶቹ አውቀው መዝናኛውን ይመርጣሉ፤ ብሩን ከወሰዱ ለቤት ኪራይ እንደሚሆን ያውቁታላ። የመጀመሪያው ወር ላይ ጃኬት እንዲገዛ አብረሽው ውጪ። የዋጋውን ወረቀት ሲያይ ፊቱን ተመልከቺ፤ በዚያች ደቂቃ ባልሽን የበለጠ ታውቂዋለሽ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እውነቱን ንገሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አድርጊው። «31 ሺህ ነው የገዛሁት፤ ፈርቼ ዋሸሁህ» በይው። እዚያ ላይ አቁሚ። ስለ ሰዎች ሚስት፣ ስለ ዱባይ፣ ስለ ጥራቱ አታብራሪ። ቁርጡን እንዳታነሺው! እኔ ያነሳሁት አንቺ እንድታስቢበት እንጂ ማስረጃ አድርገሽ እንድትከሽው አይደለም። ይቆጣል፤ ይቆጣ። «ለምን ፈራሽኝ?» ካለሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የአንገትሽን ነገር ያኔ ንገሪው።

እህቱን ከእሱ በፊት እንዳታናግሪያት፤ እሱ ከሰው አፍ መስማት የለበትም። ከእሱ ጋር ከጨረስሽ በኋላ ብሯን በፍጥነት መልሺላት። ሙሉውን ታሪክ የመንገር ግዴታ የለብሽም። «ዋጋውን ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ፤ በዚህ ብር አይገኝም» የሚለው ይበቃል። ስንት ነው ካለችሽ ግን ንገሪያት። እንዳትቀንሺ!