ጎመን ላይ የተቀመጠው ጋሻ ጀርባ ትኋን ጠላት ነው ወዳጅ?

ከኮምቦልቻና ከደሴ የጓሮ አትክልት አልሚዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ጥቅል ጎመኔ ላይ ጀርባው እንደ ጋሻ የሰፋ ቡናማ ትኋን አየሁ። መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለው ትኋን ቅጠል መጣጭ አጥፊም፣ ትል አዳኝ ወዳጅም ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ አፉን ይዩት። ክዳን ባለው ጥርት ያለ ብልቃጥ ይያዙትና ገልብጠው በሆዱ በኩል ይመልከቱ። የቅጠል መጣጩ መውጊያ ቀጭን ነው፤ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ይተኛል። የአዳኙ ግን ወፍራም ሲሆን ከጭንቅላቱ ሥር ተላቆ ወደ ፊት ይዘረጋል። በመውጊያው ትል አንጠልጥሎ ካገኙትማ ሌላ ማስረጃ አያሻም። የትከሻው ሹልነት ብቻውን አያስተማምንም፤ ከአጥፊዎቹም ሹል ትከሻ ያላቸው አሉ። በጠረናቸውም አይለዩም፣ ሁለቱም ሲነኩ ይገማሉ። ከተጠራጠሩ ከትንሽ አባጨጓሬና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ያሳድሩት። አዳኝ ከሆነ ምራቁን ወግቶ የትሉን ሥጋ ያሟሟና ይመጠዋል፤ ጠዋት የሚቀረው ቆዳው ነው። ጠግቦ የተያዘ ግን ላይበላ ይችላልና በአንድ ሌሊት አይፍረዱበት። ብዙውን አንድ ላይ አይዝጉ፣ ሲርባቸው እርስ በርስ ይበላላሉ።

ጥያቄ፦ እንቁላሉስ?

መልስ፦ የሁለቱም በርሜል መሰል ነው፣ ተሰባስቦ ይጣላል። የብዙዎቹ አዳኞች እንቁላል ግን በክዳኑ ዙሪያ ረዘም ያሉ እሾህ መሳይ ፀጉሮች አሉት፤ በአጉሊ መነጽር ይታያል። አዲስ የተፈለፈሉት ውኃና የቅጠል ጭማቂ ብቻ ይቀምሳሉ፤ ማደን የሚጀምሩት አንዴ ቆዳ ከቀየሩ በኋላ ነውና «ቅጠሌን ጠጡብኝ» ብለው አይግደሏቸው።

ጥያቄ፦ አዳኙ ትኋን ክሽክሽን (ቅጠል የሚመጡትን ጥቃቅን ነፍሳት) ይጨርስልኛል?

መልስ፦ አይጨርስም። ዋና ምግቡ አባጨጓሬና የጥንዚዛ ትል ነው።

ጥያቄ፦ ትሉ በዝቶብኛል፣ ቤት ያለኝ ማላታዮን የተባለው ፀረ ተባይ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይተዉት። ማላታዮን አዳኙንም ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የትሉ እናት የእሳት እራቷ ከሌላ ማሳ በርራ መጥታ እንቁላሏን ስትጥል አዳኙ ግን ከእንቁላል ተነሥቶ እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ትሉ ብሶ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ጓሮ ከሆነ በእጅ ይልቀሙ። ካልተቻለ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ያለበትን መድኃኒት በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን ትሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ አመሻሽ ላይ ይርጩ፤ የቀን ፀሐይ ያዳክመዋል። የሚሠራው ቅጠሉን የበላው ትል ላይ ስለሆነ የቅጠሉንም ጀርባ ያዳርሱ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ አዳኙን ትኋን ከውጭ አገር አስመጥቼ ብለቅስ?

መልስ፦ በሰሜን አሜሪካ ፖዲሰስ ማኩሊቨንትሪስ የተባለው ዝርያ እየተራባ ይሸጣል፤ መጤ ነፍሳት ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ማስገባት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ያለውን ያቆዩት። ደሴ ከኮምቦልቻ ስለምትበርድ እድገቱ ይዘገያል፤ የመደቡን ዳር ሣርና ደረቅ ቅጠል ሙልጭ አድርገው አይጥረጉ፣ መጠለያው እሱ ነው።