ጥያቄና መልስ፦ የጥበብ ተማሪን ከአራሚ የሚያገናኝ አፕ

ባሕር ዳር ሆነን የሥዕል፣ የግጥምና የዲዛይን ተማሪዎችን ከባለሙያ የሚያገናኝ አፕ ስንሠራ ሁለት ዓመት አለፈን። የገባኝን እመልሳለሁ። «አፕ እንዴት ይሠራል?» ለሚል ግን ጊዜ የለኝም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ አፕ ለመሥራት ከምን ልጀምር?

— ከላይ የጻፍኩትን ከማንበብ።

ከሞጣ፦ ተማሪና አማካሪ በምን ይዛመዱ? ኤአይ ያስፈልጋል?

— ኤአዩን ተወው፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሰዎች በእጅህ አዛምድ። ማዛመዱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ፎቶና «መልእክት ላክ» የሚል ቁልፍ አድርገን ነበር የጀመርነው። ተማሪው «ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» ይላል፣ አማካሪው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ በዚያው ይቀራል።

መላው ደጃችን ላይ ነበር። ቅኔ ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ ተማሪ አለ? የቆጠራትን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤትም ብትሆን፣ ይዞ ነው የሚቀርበው። አስነጋሪው፣ የየኔታ ረዳት፣ ይሰማዋል፤ «ቤት አልመታም»፣ «ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም» ይለዋል፤ ሄዶ አስተካክሎ ይመለሳል። ጉባኤ ቃናው ሲቀና ረዘም ወዳሉት የቅኔ ዓይነቶች፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ይወጣል። የኔታ ሁሉን አይሰሙም፤ አስነጋሪ ያለው ለዚህ ነው። እኛም ቁልፉን ቆለፍነው፦ ሥራ ሳይያያዝ መልእክት አይሄድም። ጎበዝ ተማሪ የጀማሪን ሥራ ያያል፣ ባለሙያው የበሰለውን ብቻ። አራሚው ሥዕሉ ላይ ጣቱን ያሳርፍና ድምፁን ይቀዳል። አንዲት ልጅ የጣና ታንኳ ስላ ላከች። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ፀሐይዋ ከግራ ናት፤ ጥላው ለምን ወደ ግራ ወደቀ?» በሦስተኛው ቀን አርማ መለሰችው።

ከቢቸና፦ የቅኔ ቤቱ ዱላና ልመናስ አፑ ውስጥ ይገባል?

ከዳንግላ፦ ሰው ሥርዓቱን ሲያወራ አንተ ዱላ ትላለህ! ዋሸራን የመሰለ ቅኔ ቤት ባይኖር ማን ይቀኝ ነበር?

ከቢቸና፦ ጎንጅ የለም እንዴ?

ከዳንግላ፦ ጎንጅማ…

— ኧረ ተዉን! ሁለቱም ጎጃም ናቸው፤ ዋድላንም ወሎ ይዞታል። ዱላው አይገባም። ወደ አፑ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ፍለጋው ለምን ሰው አያገኝም?

— ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዱ «ሥዕል» ይጽፋል፣ ሌላው «ስዕል»። ኮምፒውተር ሁለት ቃል ነው የሚያየው። ከመፈለግህ በፊት ሀሐኀን፣ ሰሠን፣ አዐን፣ ጸፀን ወደ አንድ ሰብስብ። ሰዓቱንም ተጠንቀቅ። የምሽት 2 ሰዓት ቀጠሮ ነበረን፤ ስልኩ የፈረንጅ 2 ሰዓት መስሎት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ሰዓሊው እስካሁን ይቆጣኛል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥንም አታስገባ፤ እኛ ዘንድ የአባት ስም ነው።

ከቡሬ፦ ኔት ከሌለስ?

— በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያየነው ነው። ሥራው ስልኩ ላይ ይቀመጥ፣ ኔት ሲመጣ ራሱ ይሂድ። ፎቶውን ከመላክህ በፊት አሳንሰው፤ የልጁ ካርድ በአንድ ሥዕል አይለቅ። ደግሞ የተማሪ ስልክ ቁጥር ለአማካሪ አይታይ።

ከሞጣ፦ በፕሌይ ስቶር ለመልቀቅስ?

— 25 ዶላር፣ አንዴ። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ 12 ሞካሪ ለ14 ተከታታይ ቀን ይጠየቃል። ዶላሩን ከየት እንደምታመጣ እኔን አትጠይቀኝ።

ከደጀን፦ አማካሪው የተማሪውን ቁጥር ቢያገኝ አይቀላቸውም?

— አይታይ አልኩ! አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ንግግሩ አፑ ውስጥ ይቅር።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ አነበብኩት። ከምን ልጀምር ግን?

— እሺ። እዚያው ማርቆስ ሥዕል የሚሞክሩ ሦስት ልጆች ፈልግ። ሥራቸውን በቴሌግራም ይላኩልህ፣ አንድ ሰዓሊ በድምፅ ያርምላቸው። አርመው ሁለተኛ ካላመጡ፣ አፑን አትሥራው።